የራሱ ቡና ሌባ

ቦርሳሞን ሌባ ሰርቆት አያውቅም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ሲያወራ የሰማው ሰው በየዓመቱ ቡናው ከነሥሩ የተነቀለበት ይመስለዋልና። የዛፎቹ አበባ ከረገፈ ጀምሮ ጎረቤቱን ሁሉ በዓይኑ ሲበረብር ይከርማል። አጥር የሚጋራው ሆይሶ ከሳቀ ሊሰርቀው አስቧል፤ ካልሳቀ ደግሞ ወስኗል። ፍሬው ቢጫ መምሰል ሲጀምር ትዕግሥቱ ያልቃል። ሌላው ሰው ቀይ ቀዩን እየመረጠ ሊለቅም ቀኑን ሲጠብቅ፣ እሱ ቅርንጫፉን ጨብጦ አረንጓዴውን ከነቅጠሉ ይሸመጥጠዋል። ከዚያ ጆንያውን ተሸክሞ፣ «ዘንድሮም አመለጥኳቸው» ይላል። ሰነፍ ነው ብሎ የሚሰድበው ሰው ተሳስቷል። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ቡናው በቀላ ነበር።

ይህን ጉድ የሚገዛው አንድ ዓይነ ደረቅ ሰብሳቢ ከሌላ ሰው ቀይ እሸት ጋር ቀላቅሎ ወደ ቡና ማጠቢያው ይልከዋል። መፈልፈያው ቀዩን ሲልጥ አረንጓዴው ወይ ይጨፈለቃል ወይ ከነቆዳው ያልፋል። ያለፈውም ታጥቦ የማድረቂያ አልጋ ላይ ሲሰጣ፣ ከነጩ ቡና መሀል ጠቋቁሮ ይታያል። እሱን በጣታቸው የሚለቅሙት ሴቶች ናቸው፤ ከሴቶቹም አንዷ የቦርሳሞ ሚስት ዱካሌ ናት። አልጋው ዳር የሚውሉት ሴቶች ለዚያ ላልበሰለ ፍሬ ስም አውጥተውለታል።

«ዛሬ ስንት ቦርሳሞ አወጣሽ?»

«ኧረ ተይኝ፣ ጣቴ ዛለ! ይሄ ሰውዬ አያልቅም እንዴ?»

ዱካሌ አብራ ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ፊቷ አይፈታም። ያገባችው ሰው ቀኑን ሙሉ ከቡና መሀል ተለቅሞ ሲጣል እያየች ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ለእሱ የቆጮ ዋሳ ትጋግራለች።

ዘንድሮ ፍሬው ገና እንደያዘ፣ ባሏን በልጃቸው ስም ጠርታ በቃኝ አለች።

«የዳንጊሶ አባት፣ ስማኝ። ሳይቀላ እጅህ ዛፉን ከነካ እዚህ ቤት የለሁም። ወንድሞቼ ጋ ነኝ።»

«ሌባ ቢወስደውስ?»

«ይውሰደው! ሌባ ከወሰደው ሌባ ወሰደው ይባላል። አንተ ስትወስደው ምን ይባላል?»

ቦርሳሞ ሳይቀላ አልነካም ብሎ ማለ። ያውም በሐላሌ። እኛ ዘንድ በሐላሌ፣ በእውነት ማለት ነው፣ ምሎ የዋሸ ሰው ከዚያ ወዲያ ዝናብ ጣለ ቢል እንኳ ሰዉ ቀና ብሎ ሰማዩን ሳያይ አያምነውም።

መሐላውን መንደሩ ሁሉ ሰማ። ጎረቤቶቹም አዘኑለትና ቡናውን በየተራ ሊጠብቁለት ተስማሙ። ይህ ግን ባሰበት። ድሮ የሚጠረጥረው ከአጥር ውጭ ያሉትን ነበር፤ አሁን አጥር ውስጥ ገቡለት። ፍሬው ከላይ በኩል መቅላት ጀመረ። ቀዩ አማረ፤ ባማረ ቁጥር ቦርሳሞ ዛፎቹን እየዞረ ፍሬውን ይቆጥር ጀመር። በመጨረሻ የጥበቃው ተራ የሆይሶ ሆነ። ያን ጊዜ ሚስቱ ያለችው ትዝ አለው፦ ሌባ ከወሰደው ሌባ ወሰደው ይባላል። ከዚያ ሁሉ ንግግሯ የተጠቀመበት ይህችኑ ብቻ ነው። እሱ ይሸመጥጠዋል፤ ከዚያ «ሌባ!» ብሎ ይጮኻል፤ ቡናውም ሚስቱም ከቤቱ ሳይወጡ ይቀራሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ሌባ በመጨረሻ ሊመጣለት ነው።

ጭጋጉ ሳይገፈፍ በማለዳ፣ ራሱን እስከ ዓይኑ በጋቢ ጠምጥሞ ከገዛ ጓሮው ገባ። ሆይሶ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማ። ቀይ የሚለቅም ሰው ቅርንጫፍ አይሰብርም። ዱላውን ይዞ በጭጋጉ ውስጥ ተንደረደረና ወገቡን አቀመሰው።

«ሌባ! ኧረ ሌባ!»

«እኔ ነኝ! ቦርሳሞ ነኝ!»

«ዝም በል፣ ውሸታም! ቦርሳሞ ዘንድሮ ምሏል!»

ሰዉ ተሰበሰበ። እጁን ከፊት አሰሩትና ጋቢውን ገፈፉት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ። የሳቀ የለም። ከነጆንያው እየነዱ ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት ወደ ሶንጎው ዛፍ ወሰዱት። ዱካሌም ከማጠቢያው ተጠርታ መጣች።

«ልጄ ዱካሌ» አሉ ሽማግሌው ሐሜሶ፣ «ቡናሽን ሲሸመጥጥ የተያዘው ሰው ይኸው። ሌባ ነው ብለን እንቅጣው ወይስ ባልሽ ነው ብለን እንልቀቀው?»

«ንገሪያቸው እንጂ!» አለ ቦርሳሞ። «ምን ትገተሪያለሽ?»

ዱካሌ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘገነች። አረንጓዴ ነበር፤ መሀል መሀሉ ሊቀላ ጥቂት ቀን የቀረው ፍሬም ነበረበት። እሱን ለይታ አየችውና መልሳ ጨመረችው።

«አባቴ፣ የእኔ ባል በሐላሌ ምሏል» አለች። «ሳይቀላ አልነካም ብሏል። ይህን ሰውዬ አላውቀውም።»

ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ወንድሞቿ አገር የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ሆይሶ እንኳ ራሱ የደበደበው ሰው አሳዘነውና፣ «ተከተላት እንጂ አንተ ሰው! ጥራት!» ብሎ ገመዱን ሊፈታለት ጎንበስ አለ።

ቦርሳሞ ግን አልጠራትም። የታሰሩ እጆቹን ዘርግቶ ጆንያው ላይ ወደቀና፣ «ወግድ!» ብሎ ሆይሶ ላይ ጮኸ። «ቡናዬን እንዳትነካ!»