ሳር የቋጠረችው መንገደኛ

ኛኩዋት ከማታር ባሮን ይዞ ጋምቤላ የሚገባውን የእግር መንገድ በልጅነቷ ከእናቷ ኋላ እየሄደች ለመደችው፤ ዛሬ አገር ጎብኚ እየመራች ትኖርበታለች። መንገዱ ለእርሻ ሊታጠር መሆኑን፣ ውሳኔውም በዚያው ሳምንት ጋምቤላ በሚደረግ ስብሰባ እንደሚሰጥ ስትሰማ ደሟ ፈላ። ክልሉ በጀት መድቦ እንዲጠብቀው ልትሟገት፣ መኪና ስታጣ በዚያው በእግር መንገዱ ተነሳች።

ስብሰባው እንዳያመልጣት እንደ ኑዌር ልማድ የመንገድ ዳር ሳር ቋጠረች፤ ሳር ከተቋጠረ ጉዳዩ መንገደኛውን ይጠብቃል ይባላል።

ሳሩ ሠርቶም ይሁን የሰብሳቢው ወሬ በዝቶ፣ ስትደርስ ስብሰባው አላለቀም ነበር።

«እህቴ፣ ዘገየሽ» አላት ሰብሳቢው ወንዳፍራሽ። «በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው የለም ተብሏል። ለማን ብለን በጀት እንመድብ?»

ኛኩዋት እስከ ጉልበቷ ጭቃ የለበሰ እግሯን አንስታ አጠገቧ ባለ ባዶ ወንበር ላይ አሳረፈችው።

«ታዲያ እኔ በየት መጣሁ?»