ፈጣኗ ኳስ ያልመጣች ዕለት

የእህቴ ልጅ ቤዝቦል ይጫወታል። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «እዚህ አገር?» ይለኛል። አዎ፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከሲኤምሲ ወዲያ ለሚ ኩራ፣ ገና ሕንጻ ያላረፈበት ሜዳ ላይ። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ አንድ የውጭ አገር መምህር ክበብ አቋቁመው ነበር። መምህሩ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጓንቶቹንና ዱላዎቹን ለልጆቹ ትተውላቸው ሄዱ። ልጆቹ አደጉ፣ ጨዋታው ግን አልለቀቃቸውም።

የእሱ ድርሻ መወርወር ነው። ወርዋሪው ሜዳው መሀል ካለች ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ይለቃል። ከፊት ለፊቱ መቺው ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይጠብቃል፤ ከመቺው ኋላ ደግሞ ተቀባዩ ጓንቱን ዘርግቶ ቁጢጥ ይላል። መቺው ሦስቴ ከሳተ ይወጣል። ከመታ ግን መሮጥ አለበት፤ ሜዳው ላይ የተበተኑት ልጆች ኳሷን አንስተው ሳይቀድሙት ማረፊያ የተባለችው ምልክት ላይ መድረስ። ከዚህ ያለፈውን ሕግ ይኸው እስከ ዛሬ እኔም አጥርቼ አላውቀውም።

ይችን ያህል ያወቅሁትም ቤት ውስጥ ተቀባዩ እኔ ስለነበርኩ ነው። ሥራዬ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ነው፤ በፈረቃ ስለምሠራ ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ቤት እገኛለሁ። እህቴ ሱቋን ዘግታ የምትመጣው ሲመሽ ነበር። ያኔ ሁላችንም ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ጥሎ፣ «አክስቴ፣ ትንሽ ብቻ» ይለኛል። እኔም ባልዲ ገልብጬ እቀመጥና አጥሩን ተደግፌ እቀበለዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ኳሷ እኔ ጋ ሳትደርስ ትወድቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ጓንቱ ውስጥ ስትገባ ጧ የምትለው ድምፅ ጎረቤታችን ያሉትን አዛውንት ከቀን እንቅልፋቸው ትቀሰቅስ ጀመር። «ምን ፈነዳ?» እያሉ ይወጣሉ። ምንም አልፈነዳም አባባ፣ የእህቴ ልጅ እያደገ ነው እላቸዋለሁ።

ያች ፈጣን ኳስ ታወቀች። ሌሎቹ ቡድኖች እሱ የሚወረውርበትን ቀን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁር ነበር ይባላል። ወዳጆቹ «ጥይት» ይሏታል። እናቱ ግን አንድም ቀን አይታት አታውቅም።

እህቴ ልጇን ስለማትወድ አይደለም። እንዴት አድርጋ እንደምትወደው ሠፈሩ ያውቃል። ግን ጨዋታው አልተዋጠላትም። «ድንጋይ ውርወራ» ትለዋለች፣ «እኛ አገር ቤት ዝንጀሮ ለማባረር የምንወረውረውን እነሱ ለመዝናናት።» ጨዋታው እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ከዚያ ዘመድ ጥየቃ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ታክሲው ሰልፍ ነው፣ ሜዳው ሩቅ ነው። ልጁ መጋበዙን ከተወ ቆይቷል። ሆኖም ከመወርወሩ በፊት ሁልጊዜ ተመልካቹ ወደሚቆምበት ጠርዝ አንዴ ዞር ብሎ ያያል። እኔ አለሁ። ፈገግ ይልልኛል፣ ግን የፈለገው እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ የእህቴ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ። ስንት ዓመት ተስፋ ቆርጣበት የነበረ ነገር ነው። ቤቱ ለሚ ኩራ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ቁልፉን ተቀብለን ልናየው የሄድን ዕለት ልጁ በረንዳው ላይ ወጥቶ ቀረ። ጠጋ ብዬ ባይ ሜዳው ፊት ለፊታችን ተዘርግቷል። ጉብታዋ ሳትቀር ትታያለች።

«እማ፣ ነይ እስቲ እዪ» አላት።

እህቴ መጥታ አየች። «ይኸው ነው እንዴ?»

«ይኸው ነው።»

«እንግዲህ ሩቅ ነው ማለት ቀረ» አልኳት እኔ።

ሳቀች። «እሺ፣ የገባን ሳምንት እመጣለሁ። ቃሌ ነው።»

የገባነው ቅዳሜ ነበር። ሊፍት የለም። ጫኝና አውራጆቹ አልጋውንና ሶፋውን አወጡ፤ ፍሪጁ ላይ ግን እህቴ እምቢ አለች። ከእኔ ጋር ሆና መርካቶ ድረስ ሄዳ የመረጠችው ፍሪጅ ነው፣ የማንም ሰው እጅ እንዲነካው አልፈለገችም። ስለዚህ ልጁና የቡድኑ ተቀባይ የሆነው ጓደኛው ተሸከሙት። ጓደኛው ከላይ ይጎትታል፣ ልጁ ከታች ይገፋል። እኔ ምንጣፍ ታቅፌ ከኋላቸው ነበርኩ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስንታጠፍ የጓደኛው እግር አዳለጠው። ፍሪጁ ወደ ታች መጣ። ልጁ አልሸሸም፤ ቀኝ ትከሻውን ሰጥቶ በክንዱ ደግፎ ያዘው። ትንሽ ቆይቶ «ደህና ነኝ፣ ቀጥል» አለ። ድምፁ ትክክል አልነበረም። ግን እህቴ ከላይ «ተጫረ እንዴ?» እያለች ስለነበር፣ ሁላችንም ስለ ፍሪጁ ስናወራ ልጁ ተረሳ።

እሁድ ጠዋት እህቴ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሜዳ መጣች። የፕላስቲክ ወንበር ይዤላት ነበር። ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ የቡድኑን ልጆች አንድ በአንድ አየች፣ «ይሄ ሁሉ ልጅ ቁርስ በልቷል?» አለችኝ። ልጁ እንደ ልማዱ ወደ ጠርዙ ዞረ። አያት። ፊቱ ላይ የሆነውን ነገር መግለጽ አልችልም፤ የሰባት ዓመት ልጅ መሰለ።

የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወረ፤ እኔም ወዲያው አወቅሁ። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አየኋት። ያ የለመድኩት ፉጨቷ የለም። ጓንቱ ውስጥ ስትገባም ጧ አላለችም፣ ጨርቅ ላይ እንደወደቀ ሎሚ ድፍት አለች። ሁለተኛዋን ጠንከር አድርጎ ሲሞክር ከመቺው ራስ በላይ አለፈች። ሦስተኛዋ አፈር ነካች። ተጋጣሚዎቹ ከቦሌ ሚካኤል የመጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ተጠራጠሩ፣ ቀጥሎ ተያዩ፣ ከዚያ አንዱ «ዛሬ ጥይቱ አልቋል!» ብሎ ጮኸ። እየመቱ ሮጡ። ያ ዙር የሚያልቅ አልመሰለኝም።

«ጎበዝ ነው አይደል?» አለችኝ እህቴ።

«ጎበዝ ነው» አልኳት። ምን ልበላት።

በእረፍቱ አሰልጣኙ ጠራው። ወጣት ነው፣ ከእነሱ ብዙ አይበልጥም። ጠጋ ብዬ ሰማሁ።

«ክንድህ ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«አትዋሸኝ። ሌላ ሰው ላስገባ?»

«ማንን ታስገባለህ?» አለ ልጁ። እውነቱን ነው፣ ሁለተኛው ወርዋሪ ለለቅሶ ክፍለ አገር ሄዷል። «እናቴ መጥታለች። እባክህ ተወኝ።»

አሰልጣኙ እኔን አየኝ። እኔም ልጁን እጁን ይዤ ወደ ጎን ወሰድኩት።

«ፍሪጁ ነው?»

መሬት መሬት አየ። «ለእማ እንዳትነግሪያት። ገፍቼ ስወረውር ነው የሚያመኝ። ዛሬ እንድታይልኝ ነበር የፈለግሁት አክስቴ፣ ዛሬ! በስንት ዓመቷ መጥታ...»

«ገፍተህ ካልወረወርክስ?»

«ያማ ለመቺ ምሳ ማቀበል ነው።»

«ለእኔ የምትወረውራትስ?»

ቀና አለ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ፈጣኗ ኳስ የመሀል ጣቴን አግኝታኝ ጥፍሬ ጠቁሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈራሁ። መፍራቴ እንዳያሳፍረኝ ብሎ አንድ ዘዴ አመጣ፤ ክንዱን እንደ ፈጣኗ አድርጎ ያወናጭፋል፣ ኳሷን ግን መዳፉ ውስጥ ጥልቅ አድርጎ ይይዛትና ቀስ ብላ ትመጣለች። ለዓይን ፈጣን፣ ለእጅ ለስላሳ። እኔ እንኳ ባልዲዬ ላይ ሆኜ ሳትደርስ ጓንቴን ቀድሜ እጨብጥ ነበር። ያችን ሜዳ ላይ ወርውሯት አያውቅም፤ ጥይት ያለው ሰው ምን አስቦ?

«ይስቁብኛል» አለ።

«ይሳቁ። ካመመህ ግን ታቆማለህ፣ ማልልኝ።»

«እሺ፣ አቆማለሁ።»

ተመልሶ ወጣ። ጓደኛው ጋ ሄዶ ጆሮው ላይ አንሾካሾከ፤ ጓደኛው ትከሻውን ሰበቀና ቁጢጥ አለ። ክንዱ ተወነጨፈ። መቺው ጥይቷን ጠብቆ ዱላውን ሰነዘረ። ኳሷ ገና መንገድ ላይ ናት! መቺው በራሱ ዱላ ዞሮ ተቀመጠ። የራሱ ቡድን ሳይቀር ሳቀ። ቀጣዩ ራሱን ገታ፣ ጠበቀ፣ ጫፏን ብቻ አግኝቶ መሬት ለመሬት ሰደዳት፤ ከእኛ ልጆች አንዱ አንስቶ ቀደመው።

ከዚያ ወዲህ ያ ጨዋታ ሌላ ጨዋታ ሆነ። ልጁ ደህና በሆነበት ቀን ብዙዎቹን መቺዎች ብቻውን ነው የሚያስወጣቸው፤ ሜዳው ላይ የቆሙት ልጆች ሥራ ፈተው ሸንኮራ ሊበሉ ምንም አይቀራቸውም። ያን ቀን ግን ኳሷ ትመታለች፣ በደካማው ትመታለች፣ ወደዚህም ወደዚያም ትሄዳለች። ሁሉም ሮጠ። ሁሉም ወደቀ። አንዱ እስከ ቆርቆሮ አጥሩ ተንደርድሮ ያዛት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ቀዩ ጭቃ ሁሉንም እኩል ቀባቸው። አንዳንዴ ልጁ ይሳሳታል፣ ኳሷ ሳታታልል ትመጣለች፣ እነሱም አያስቀሩለትም። ግን ከእያንዳንዷ ኳስ በኋላ ጉብታዋ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ሲያስብ አይቼው አላውቅም፣ ከዚያ በፊት ማሰብ አላስፈለገውም።

እህቴ ከወንበሯ ከተነሳች ቆይታለች። ነጠላዋ ወገቧ ላይ ታስሯል። «አንተ ቀጭኑ! በዚህ መጣችልህ!» ትላለች፤ ከእነሱም ወገን አንዱ ሲወድቅ «እኔን!» ትላለች።

የእኛም ልጆች በየተራቸው መትተው እየሮጡ ነጥቡን መልሰው፣ በመጨረሻው ዙር በአንድ ነጥብ እየመራን ነበር። አንድ ሰው ብቻ ማስወጣት ቀረን። የመጣው መቺ ትልቁ ልጃቸው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያልተሳሳተው። ልጁ ያችኑ ወረወረ። ትልቁ ልጅ ቸኮለ፣ ኳሷም እየተንከባለለች ወደ ራሱ ወደ ወርዋሪው መጣች። በግራ እጁ ጓንት አነሳት። ከዚህ በኋላ ማድረግ ያለበት ወደ ማረፊያው መወርወር ነው፣ እዚያ የቆመው ጓደኛው እጁን ዘርግቶለታል። ክንዱን አነሳ፤ ፊቱ ተኮማተረ፤ ክንዱ ወረደ። ያን ጊዜ ኳሷን ታቅፎ ራሱ ሮጠ። ትልቁ ልጅ ከዚያ ይሮጣል፣ የእኛው ከዚህ። «ወርውራት!» ይላል አሰልጣኙ። «ሩጥ የኔ ልጅ!» ትላለች እህቴ። ሁለቱ ማረፊያው ላይ ተጋጭተው አብረው ተንከባለሉ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ አየ፣ አውራ ጣቱን አነሳ። መቺው ወጥቷል። እህቴ እልል አለች። ሜዳ ውስጥ ገብታ ልጇንም ትልቁንም ልጅ ጭቃቸውን ጠረገችላቸው።

ምሳ አዲሱ ቤት፣ ባልተፈቱ ካርቶኖች መሀል ነበር። ተቀባዩ ጓደኛውም አብሮን ነው። ትሪው ቀረበ። ልጁ ቀኝ እጁን ወደ ትሪው ላከ፣ መለሰው። ደግሞ ላከ። ከዚያ ሰው ያላየው መስሎት በግራው ሊቆርስ ሲል እህቴ ያዘችው።

«እጅህ ምን ሆነ?»

ጓደኛው ሳያስበው ወደ ፍሪጁ ተመለከተ። እህቴ ዓይኑን ተከትላ ፍሪጁን አየችው፣ ልጇን አየችው። ቀስ ብላ የሸሚዙን ቁልፍ ፈታች። ትከሻው አብጦ ጠቁሯል።

«በዚህ ነው የወረወርከው?»

«በዚህ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አትሄድም ትይኝ ነበር። አንቺም አትመጪም ነበር።»

ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ እጇን ታጠበች፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለችና አፉ ውስጥ ከተተችው። ምሳውን በሙሉ እሷ ናት ያጎረሰችው፤ ጢም ያወጣውን ልጅ፣ ጓደኛው ፊት። አላፈረም። በመሀል በመሀል «አንቺስ ብትሆኚ!» እያለች ወደ እኔ ታፈጥ ነበር፣ ያም የሚገባኝ ነው። በማግስቱ እሷ ወጌሻ፣ እኔ ክሊኒክ ብለን ተከራክረን ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ጅማቱ መሳቡን ነግሮን ለረጅም ጊዜ እንዳይወረውር ከለከለው።

የገና በዓል ሳይደርስ ድኗል። ተመልሶ ጉብታዋ ላይ የወጣ ዕለት እህቴ ከእኔ ቀድማ ሜዳ ደርሳ አገኘኋት። ጥይቷ ተመለሰች። ፉጨቷ፣ ጧ ማለቷ፣ ሁሉም አለ። መቺዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ አየሩን ቆርጠው ይመለሳሉ። እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ክንዷን ጨበጥኩ። «አየሽ? አየሽ? ይቺ ናት እኮ!»

እህቴ ፊቷን ቋጠረች። «ልጆቹ ምን በደሉት? አንዱም እኮ አልነካት።»

«ጨዋታው ይኸው ነው፣ እንዳይነኩ ነው።»

«እኔ እንጃ» አለች። «የዛን ቀኗ ትሻላለች። ሁሉም የተጫወተባት።»

ለልጁ ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሚቀጥለው ዙር ወደ እሷ ዞር አለና ያችን ቀርፋፋዋን ወረወረ፤ መቺው መትቶ ሮጠ፣ አሰልጣኙ ጮኸ፣ እህቴም ነጠላዋን ወገቧ ላይ እያሰረች ከወንበሯ ተነሳች።