አባት ለልጁ ዋስ አይሆንም

ባለፈው ሐሙስ የጎረቤቴ ልጅ ማርታ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። አትላስ አካባቢ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆና ልትቀጠር ነው። ፈተናውን አልፋለች፣ የደንብ ልብሷን ተለክታለች፤ የቀራት ዋስ ብቻ ነው። "እትዬ የሺ፣ ሌላ ሰው አላሰብኩም፤ እርስዎ አይጨክኑብኝም ብዬ ነው" አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ ወረቀቱን ተቀበልኳት። ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል፣ ዋስ የሚሆነው ሰው የተቀጣሪዋ ወላጅ ወይም የቅርብ ዘመድ መሆን እንደሌለበት ተጽፏል። "እዚህ ተይውና ሂጂ፤ ረጋ ብዬ ላንብበው" ብዬ ሸኘኋት። አንብቤው ነበር። ሰበብ መፈለጌ ነው።

ያችን መስመር ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። መንግሥት ይለወጣል፣ ማኅተም ይለወጣል፤ እሷ ግን ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠች እዚህ ደርሳለች።

ያኔ ወሎ ሰፈር እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልነበረም። አባቴ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ጎሚስታ ነበረው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲያወልቅና ሲለጥፍ ስለሚውል እጁ በሳሙናም በአመድም አይጠራም ነበር። ከቆርቆሮ አጥራችን ማዶ አቶ ሐጎስ ይኖሩ ነበር፤ ከትግራይ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ፣ ቁጥብ፣ ሲስቁ ግን ሰፈሩን የሚያነቃንቁ ሰው። ልጃቸው ለተብርሃን አብሮ አደጌ ነበረች። ለቱ ነበር የምንላት። ወደ ቦሌ የሚወርደው አውሮፕላን ጣራችንን ሊነካ እየደረሰ ሲያልፍ፣ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለን እጃችንን እናውለበልብ ነበር። አድገንም አንድ ኮሌጅ ገባን፣ ሁለታችንም ባዮሎጂ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለን፣ ድርቁ ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው፣ ኮሌጁ አምስት ተማሪዎችን በልውውጥ ለስድስት ወር ወደ ታንዛኒያ ሊልክ መረጠ። እኔና ለቱ ከአምስቱ ሁለቱ ሆንን። ደስታው አንድ ሳምንት ቆየ፤ ከዚያ መውጫ ቪዛ መጣ። ለመውጫ ቪዛ ደግሞ በቀበሌ በኩል ዋስ ማቅረብ ግድ ነበር። ልጅቱ ካልተመለሰች የሚጠየቀው ዋሱ ነው።

ሁለቱ አባቶች ተያይዘው ቀበሌ ሄዱ፤ እኛም ከኋላቸው። አባቴ "እኔ ለልጄ እፈርማለሁ" ሲል የቀበሌው ጸሐፊ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ "አባት ለልጁ ዋስ አይሆንም። ልጁ ብትጠፋ መጀመሪያ ደስ የሚለው እሱ አይደል?" አለው።

ክፍሉ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። አቶ ሐጎስ ወደ እሱ ዞር ብለው፣ "ታዲያ ምን ችግር አለ? እኔ ለየሺ ልፈርም፣ አንተ ለለቱ ፈርም" አሉት።

አባቴ ሳያነብ ፈረመ። ጥቁሩ አውራ ጣቱ ከፊርማው አጠገብ ምልክቱን ጥሎ ሄደ። ጸሐፊው ወረቀቱን እያየ "ቆሸሸ እኮ" አለ፤ ግን ተቀበለው።

ዳሬሰላም ሙቀትና እርጥበት ነበረች። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ቅቤና በርበሬ የተከለከለ ገንፎ ነው፤ በሁለተኛው ወር ግን እየጣመኝ መጣ፣ ሰው የማይለምደው ነገር የለም። የአምስታችን መሪ ጓድ ታደሰ የሚባል በዕድሜ በለጥ ያለ ተማሪ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ከክፉ ይልቅ ፈሪ ብዙ ጽፏል። አውቶቡስ በወጣን ቁጥር፣ ምግብ ቤት በገባን ቁጥር ይቆጥረናል። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ከእኔ ጋር አምስት።" በየሳምንቱ ለኤምባሲ ሪፖርት ይጽፍ ነበር።

ልንመለስ ሦስት ሳምንት ሲቀረን ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎችን ሁሉ ለጉብኝት ወደ ሰሜን ወሰደን። በሁለት አውቶቡስ ሆነን ከዛምቢያውያን፣ ከሞዛምቢካውያንና ከኡጋንዳውያን ጋር ተጓዝን። ቀይ አፈር፣ ማለቂያ የሌለው የቃጫ እርሻ፣ በየፌርማታው በመስኮት የሚሸጥ የተጠበሰ በቆሎና የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ማንዳዚ። ዛምቢያውያኑ መንገዱን ሙሉ ዘፈኑ። ለቱ ግን ከዳሬሰላም ከወጣን ጀምሮ ፊቷን ከመስኮቱ አላዞረችም። አንድ መንገደኛ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ እንዳመጣላት አውቃለሁ። ምን ይላል ስላት "ሁሉም ደህና ናቸው" ብላ ቦርሳዋን ዘጋች።

የንጎሮንጎሮ አፋፍ ላይ የደረስን ጠዋት ጉሙ የሐምሌን ጠዋት የሚያስንቅ ነበር። ያለንን ሁሉ ደራርበን በላንድሮቨር ወደ ታች ወረድን። ጉሙ ከላይ ቀረና ሜዳው ተከፈተ። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል እንስሳ በአንድ ቦታ አላየሁም፤ ሐይቁ ዳር ሮዝ ወፎች፣ ሣሩ ውስጥ የተጋደመች አንበሳ፣ በየሄድንበት የሜዳ አህያ። የሜዳ አህዮቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ አገጩን በሌላው ጀርባ ላይ አስደግፎ፣ ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ አዙረው ይቆማሉ። ለምን እንደሆነ አስጎብኚያችንን ጠየቅነው። አንዱ የሌላውን ኋላ እየጠበቀለት ነው አለን፤ አውሬ ከየትም ቢመጣ አንዳቸው ያዩታል።

"እንደ አባቶቻችን" አለች ለቱ። ከዚያ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ነፋሱ ነው ብዬ አለፍኩት፤ እንዲያውም ነጠላዬን ሰጠኋት።

በማግሥቱ መመለሻ ላይ አሩሻ ለምሳ ቆምን። ገበያው መሃል ሙዝ ተራ አጠገብ ለቱ ክንዴን ያዘችኝ። ከተማው ውስጥ የአክስቷ ልጅ እንዳለ፣ አንድ ሰዓት ብቻ አይታው በኋለኛው አውቶቡስ ሞሺ ላይ እንደምትደርስብን ነገረችኝ።

"ታደሰ ከጠየቀ አለች በይ" አለችኝ። "አሞኛል፣ ከኋላ ተኝታለች በይው። ለእኔ ብለሽ፣ የሺዬ።"

"ብትዘገዪስ?"

"መቼ ዘግይቼብሽ አውቃለሁ?"

እውነቷን ነው፤ ዘግይታብኝ አታውቅም። የመጨረሻው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አጋድሜ ጋቢዋን አለበስኩት። ጓድ ታደሰ በሩ ላይ ቆሞ ቆጠረ፤ ሦስት ላይ ጣቱ ቆመ። "ለተብርሃንስ?" አለኝ።

"አለች" አልኩ። "ትኩሳት ይዟታል፣ ከኋላ ተኝታለች።"

አምኜያት ነበር? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልመለስኩትም። ለአንድ ሰዓት ጉብኝት ማን ጓደኛውን ያስዋሻል? ደግሞስ ስትለየኝ ለምን አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ? ቢገባኝም እንዳልገባኝ ሆኛለሁ። አውቶቡሱ ተነሳ።

ሞሺ ላይ ሁለተኛው አውቶቡስ ደረሰ፤ እሷ የለችበትም። ጓድ ታደሰ ጋቢውን ገለጠና ቦርሳውን አየ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። "እኔስ እናት የለኝም? ለእኔስ ዋስ የሆነ ሰው የለም?" አለ። በዚያች ቅጽበት ደመናው ተገልጦ ኪሊማንጃሮ ወጣ፤ ዛምቢያውያኑ እየተሯሯጡ ፎቶ ያነሳሉ። ስለ ተራራው የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ ነጭ ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ አላስታውስም፤ እኔ የማየው የአባቴን አውራ ጣት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ቦሌ አረፍን። ከመቀበያው አጥር ውጭ አባቴን ፈለግሁ። የቆሙት አቶ ሐጎስ ናቸው፤ ብቻቸውን፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው። ሲያዩኝ ፊታቸው ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም፤ ዋስ ነበሩና መመለሴን በዓይናቸው ሊያዩ መጥተዋል። "መጣሽ ልጄ?" አሉኝ። "መጣሽልኝ?" ከዚያ ሻንጣዬን ነጥቀው ተሸክመው ወደ ፊት ወደ ፊት ሄዱ። ዓይኔን ማየት አልቻሉም። መንገድ ላይ ነው አባቴ መታሰሩን የነገሩኝ። እሳቸውን ራሳቸውን ይዘዋቸው በሦስተኛው ቀን ለቀዋቸዋል። የቀበሌው ኮሚቴ የሚያውቀው የፈረመውን ሰው ነው።

ከሐምሌ እስከ ፋሲካ ከእናቴ ጋር እየተፈራረቅን ስንቅ አመላለስን። መጀመሪያ ስንቅ ያስገባሁለት ቀን፣ አባቴ የምሳ ዕቃውን ሳይከፍት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ለቱ ደህና ናት?"

"አላውቅም አባባ። አባባ፣ እኔ እኮ ያን ቀን..."

"እናትሽ ጨው አብዝታለች በያት" ብሎ ጮክ አለ። ዘበኛው ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ከዚያ በኋላም ባነሳሁበት ቁጥር ወይ ጨው ይበዛል ወይ ወጡ ይቀጥናል፤ ሳልናገር ቀረሁ። እኔንም ቀበሌ አንድ ጊዜ ጠሩኝ። ምን ታውቂያለሽ አሉኝ፣ ምንም አልኩ፣ ሂጂ አሉኝ። የታደሰ ሪፖርት አልደረሰም ብዬ አመሰገንኩ። ሞኝ!

ሲፈታ ጎሚስታው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ በሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ጎማ ሲለጥፍ ኖረ። አቶ ሐጎስ ቤታቸውን ለቀው ኮተቤ ገቡ። ሲሄዱ አልተሰናበቱንም፤ ቆርቆሮው አጥር ብቻ ቀረ።

የለቱ ደብዳቤ የመጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ታንዛኒያ በሄድንበት ጊዜ ወንድሟ ከታጋዮቹ ጋር በረሃ ገብቶ ኖሯል። እኛ ዳሬሰላም ሳለን ነገሩ ሊታወቅ ሲል ያ መንገደኛ ያመጣላት ደብዳቤ የአባቷ ነበር፤ "አትመለሺ" የሚል። አቶ ሐጎስ የልጃቸው ዋስ ማን እንደሆነ እያወቁ ነው የጻፉት። ደሜ ፈልቶ ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አብሮኝ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

"እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጽፍልሽ" አለኝ።

ለለቱ መልስ አልጻፍኩላትም። ደጋግማ ጻፈች፣ ከዚያ ተወች።

አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የዱሮው የቀበሌ ጸሐፊ ናቸው። ንፍሮውን በእጃቸው እንደያዙ፣ "ሪፖርቱ እኔ እጅ ነበር" አሉኝ። "'አለች' ብለሽ ያሳለፍሻት አንቺ እንደሆንሽ ተጽፏል። አንቺን ልንይዝ ነበር። አባትሽ ግን 'ልጄ የምታውቀው የለም፤ ስትሄድ እንዳትመለስ ለተብርሃንን የመከርኳት እኔ ነኝ' ብለው ፈረሙ። እንጂ እሳቸው በሁለት ሳምንት የሚፈቱ ሰው ነበሩ።"

አባት ለልጁ ዋስ አይሆንም ያሉት እሳቸው ናቸው። ያሉትን ያስታውሱ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። በአባቴ ሬሳ ላይ ያላለቀስኩትን ያን ማታ አለቀስኩ፤ ስለ ጨው ነበር የማለቅሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ በተፈታ በዓመቱ ሌላ ጎረቤት ለልጁ ዋስ ፍለጋ እቤታችን መጣ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ "አንተ ሰው፣ አሁንም አትማርም?" አለችው። አባቴ እስክሪብቶውን ተቀብሎ፣ "ታዲያ ሰው ለሰው ዋስ ካልሆነ ማን ከዚህ ሊወጣ ነው?" አለና ፈረመ። ያ ልጅም አልተመለሰም። አባቴን ግን ያን ጊዜ ማንም አልጠየቀው፤ ጊዜው ተገልብጦ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ማርታ ተመልሳ መጣች። የሰጠኋት ወረቀት ባዶ ነው። ዓይኔ ደክሟል፣ መታወቂያዬም ጊዜው አልፏል አልኳት፤ ሁለቱም ውሸት ነው። "ምንም አይደል እትዬ" ብላ ጉልበቴን ነክታ ወጣች፤ በመስኮት ሳያት የሚቀጥለውን በር ታንኳኳለች። እኔ አንድም ቀን አልታሰርኩም፤ የእኔን ሌላ ሰው ታስሮልኛል። አባቴ ሳያነብ ፈረመ። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤ መለስኩት።