አምባዛውና ስድስቱ ቀያዮች

ላፍቶ ውስጥ ዓሣ በቤቱ የሚያሳድግ ሌላ ሰው ካለ ያሳዩኝ። የዓሦቹን የመስታወት ገንዳ ራሴ ቆርጬ፣ ራሴ በሲሊኮን አጣብቄ ነው የሠራሁት፤ ያስተማረኝ የለም። አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም። ባለቤቴ ስታርፍ አልጋዋ በነበረበት ቦታ አቆምኩት።

ልጄ ለቡ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። እሁድ እሁድ ስትመጣ፣ "አባዬ፣ ብቻህን እዚህ ምን ትሠራለህ? ና ከእኛ ጋር ኑር" ትለኛለች።

"ማነው ብቻውን?" እልና መስታወቱን አሳያታለሁ። ስድስት ቀያይ ዓሦች ነበሩኝ። ከነሱ ጋር፣ ከዝዋይ በባልዲ ያስመጣሁት፣ ያኔ ጣቴን የማያህል አምባዛ።

ቀያዮቹን የሸጠልኝ ሰው፣ "ጋሼ፣ አምባዛ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል" ብሎኝ ነበር። ሳቅሁበት። እሱ ዓሣ ይሸጣል እንጂ አያሳድግም። በእጄ እያጎረስኩ ያሳደግሁት፣ ምን ቆርጦት ጎረቤቱን ይነካል?

አምባዛው ክንዴን አከለ። ባለፈው እሁድ ልጄ መስታወቱ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ ቀያዮቹስ?"

"ከድንጋዩ ኋላ ናቸው።"

ዞራ አየች። "የሉም።"

"ፀሐይ አይወዱማ።"

"የዚህኛው ሆድ ታዲያ ምነው?"

"ተመችቶታል!"

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ሁሉንም ጨርሶ ብቻውን ቀረ በለኛ!" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ሳቋን አቆመች። "ተነስ እንሂድ፣ አባዬ። እሱ እንደሆነ ለጥብስ ደርሷል።"

"ቤተሰቤን አልጠብስም" አልኳት።

ሚኒባስ አሳፍሬያት ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። መብራት ጠፍቶ የአየር ፓምፑም ቆሟል። ሌላ ዓሣ ቢሆን ይሞት ነበር። አምባዛ ግን እንደ እኛ አየር ይስባል፤ ይህንንም ደርሼበት ያወቅሁት ራሴ ነኝ። ብቅ ብሎ አንድ ጊዜ ተነፈሰ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የተሰማ ትንፋሽ የእሱ ነው።

ቁራጭ ጉበት ይዤ እጄን አስገባሁ። በረጃጅም ጢሙ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከእሁድ እስከ እሁድ የሚነካኝ እሱ ብቻ ነው።

ለቡ መሄዱን አልጠላሁትም። ከዚህ የሚበልጥ መስታወት እዚያው ሳሎኗ ውስጥ ገጣጥሜ አቆማለሁ፤ በዚህ ሰፈር ይህን የሚችል እኔ ነኝ። መጀመሪያ ግን የጥብሱን ነገር ትተወው።