ጎሚስታውና የሚስቱ ድመት

ጎሚስታው ጎረቤቴ ነው። የእሱ ጎማ ቤትና የእኔ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ መሸጫ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እሱ ሲያስል እኔ ጋ ይሰማል። ሚስቱ በተቀበረች ማግስት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ ሰምቼ ደንግጬ ወጣሁ። ጎንበስ ብሎ የአንድ ታክሲ ጎማ ይፈታል።

"ምነው ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ ብታርፍ?" አልኩት።

"ቤት ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ?" አለኝ ቀና ብሎ ሳያየኝ። ብሎኖቹን ፈታ፣ ከውስጡ ከመነዳሪውን አውጥቶ ነፋው፣ ገንዳው ውስጥ ነከረው፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ያዘ። ባለታክሲው ሐዘኑን ሰምቶ ኖሮ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ። ጎሚስታው "እሺ፣ አመሰግናለሁ" አለና ጎማው ወደፊት እንዳያስቸግረው መከረው።

ቀኑ ሁሉ እንዲህ ሆነ፤ ሳምንቱም፣ ወሩም። ሰው ማማት ጀመረ። ታላቅ እህቱማ ፊት ለፊት ነገረችው። አንድ ቀን ምሳ ይዛለት መጥታ፣ እኔ ባለሁበት፣ "ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራህ የኖረች ሴት ናት እኮ!" አለችው። እሱ የምሳ ዕቃውን ከፍቶ መብላት ጀመረ። እሷ በንዴት ከሄደች በኋላ ነው ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ "ክንድህ ላይ ተኝተህ ስትነቃ እጅህ የሰው እጅ የሚመስልህ ጊዜ የለም?" አለኝ።

"አለ።"

"እኔ መላ አካላቴ እንደዛ ነው። ብትወጋኝ አይሰማኝም። ታዲያ በምኔ ላልቅስ?"

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ሟቿ ድመት ነበረቻት። አመድማ ናት፣ ደረቷ ነጭ፣ ስትራመድ ሰው ቤት በክብር የተጠራች ስለምትመስል ስሟን "ወይዘሮ" ብላታለች። ጎሚስታውና ወይዘሮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኮራርፈው አንድ ቤት የኖሩ ናቸው። እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ እሷ ወንበሩ ላይ ከተኛች እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ሚስቱ መሃላቸው ሆና ስትስቅባቸው ነው የኖረችው። ከሞተች በኋላ ግን ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ጠዋት ጠዋት ምግቧን ያስቀምጥላታል፣ ውሃዋን ይቀይርላታል፣ ወደ ሥራው ይመጣል። "አደራ ብላህ ነው?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "አደራ ለማለትም አልደረሰችም" አለኝ።

ስድስት ወር ያህል እንደሆነ ድመቷ ከሳች። ምግቡን አሽትታ ትተዋለች፤ ውሃው ላይ ግን ተደፍታ ነው የምትውለው። እሱ መጀመሪያ ናፍቆት ነው ብሎ ተዋት። ኋላ አንድ ጠዋት ከፍ ሲያደርጋት፣ እንደ ባዶ ካርቶን ቀለለችውና በኮቱ ሸፍኖ ሱቅ ይዟት መጣ። እኔ የፊልትሮ ካርቶን ሰጠሁት፤ ጎኑን በስተን ጨርቅ አነጠፍንበት፤ በእኔ መኪና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድን።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ወለሉ ላይ ሚዛን፣ ጥግ ላይ እግሩ በፋሻ የታሰረ ውሻ ከነባለቤቱ። መዝጋቢዋ የድመቷን ስም ጠይቃ ካርድ ላይ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ በሩ ላይ ብቅ አለችና "ወይዘሮ!" ብላ ተጣራች። ቡችላ ያቀፉ አንዲት እናት "አቤት!" ብለው ብድግ አሉ። መዝጋቢዋ አፍራ፣ "ይቅርታ እማማ፣ ድመቷን ነው" ስትል ባለ ውሻው ሳቁ አመለጠው፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሴትየዋም ሳቁ። ጎሚስታው ካርቶኑን አንሥቶ ገባ።

ሐኪሟ የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ብትሆን ነው። የእጇ አንጓ ላይ የጭረት ጠባሳ ተደራርቧል። ድመቷን ጎትታ ታወጣታለች ብዬ ስጠብቅ ካርቶኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው፤ ክዳኑን ከፈተችና እሷም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ራሷ ትውጣ፤ አንቸኩልም" አለች።

ቆመን ጠበቅን። ማዳመጫዋን እጇ ውስጥ ጨብጣ ታሞቀዋለች። ወይዘሮ በመጨረሻ አንገቷን አወጣች፤ ዙሪያውን ቃኘች፤ ከዚያ ሐኪሟ ልትነካት ስትል ጫረቻት።

"ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ አሉ" አለች ሐኪሟ፣ እጇንም ሳታነሣ። "በዚህ አቅሟ መጫሯ ጥሩ ነው።"

ደም ወሰደች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ጠበቅን። ከዚያ ወንበር ስባ ከጎሚስታው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ወረቀት ላይ ሁለት ባቄላ የመሰሉ ነገሮች ሣለች።

"ጋሼ፣ ኩላሊቶቿ ደክመዋል። የሚድን በሽታ አይደለም። ያንን ከአሁኑ ልንገርዎት። ግን ሰውነቷ ውሃ እንዲያገኝ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ብንሰጣት ለተወሰነ ጊዜ ሳትሠቃይ መኖር ትችላለች። ወራት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ሲቃረብ እነግርዎታለሁ፤ ድንገት አይሆንብዎትም።" ወረቀቱን ወደ እሱ አዞረችና፣ "የቱን ልድገምልዎት?" አለችው።

"ሁሉንም" አለ።

ሁሉንም ደገመችለት። በሩ ላይ ሰው እየጠበቃት፣ ያንኑ ያህል ቀስ ብላ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ።  ስንመለስ ሱቁ በር ላይ ሲወርድ፣ "ሁለት ጊዜ ነገረችኝ" አለ።

መርፌውን ያስተማረችው በሁለተኛው ቀን ነው። ጥቁር ቅባት የማይለቀው፣ ጣቱ እንደ ብሎን መፍቻ የወፈረ ሰው፣ ያቺን ቀጭን መርፌ ይይዛታል ብዬ አላመንኩም ነበር። "ቆዳዋን እንደ ድንኳን ከፍ ያድርጉት፤ ከሥሩ ይግቡ" አለችው። አደረገው። ወይዘሮ ጆሮዋን እንኳ አላነቃነቀችም። "ከረዳቶቼ አንዱን በእርስዎ ልለውጥ ነው" አለችው ሐኪሟ። እሱ የፈሳሹ ከረጢት ስንት ደቂቃ ተንጠልጥሎ መቆየት እንዳለበት ጠየቃት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እያለፈ ቤቱ ይሰጣት ጀመር። ከረጢቱን መጋረጃው መስቀያ ላይ ያንጠለጥላል፤ ድመቷን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ ሁለቱም መስኮቱን ያያሉ። "ተዋደዳችሁ ማለት ነው?" ስለው፣ "እሷ ሙቀት ፈልጋ ነው" አለኝ። "አንተስ?" አልኩት። "እኔ ከረጢቱን ይዤ ነው።"

ዓርብ ዓርብ ሐኪሟ ትደውልለታለች። የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ጎማ እየፈታ ስለሚያወራት ሁሉንም እሰማለሁ።

"ወይዘሮ እንዴት ሰነበተች?"

"ደህና ናት ዶክተር። ትላንት ዓሣ ቀመሰች።"

"እርስዎስ ይበላሉ?"

"በሽተኛዋ እሷ ናት እኮ።"

"አውቃለሁ ጋሼ። መርፌውን የሚይዙት ግን እርስዎ ነዎት።"

እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ወር ሄደ። በአምስተኛው መጀመሪያ ወይዘሮ ዓሣውንም ተወች። ከዚያ የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ደወለላት። ሐኪሟ "የምትወዳቸውን ነገሮች እስቲ ይንገሩኝ" አለችው።

"መስኮቱ ላይ መውጣት። ፀሐይ። ዓሣ። እኔን ከወንበሬ ማስነሣት።"

"ከእነዚህ ስንቱ ቀርቷታል?"

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "አንድም።"

"ውሳኔው የእርስዎ ነው። የእኔ ብትሆን ግን ዛሬ አሳርፋት ነበር። ከሰዓት በኋላ እኔው ራሴ ቤትዎ እመጣለሁ፤ በካርቶን አያንገላቷት።"

አብሬው ሄድኩ። እህቱም ሰምታ መጥታ ነበር፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና "ለድመት ይህ ሁሉ!" እያለች ታጉረመርማለች። ሐኪሟ ትንሽ ቦርሳ ይዛ ገባች፤ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፤ እንደልማዷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ የሟቿ ፎጣ ላይ ተኝታለች።

"ምን እንደማደርግ አስቀድሜ ልንገርዎት" አለች። "የመጀመሪያው መርፌ ያስተኛታል፤ ሕመም የለውም። በደንብ መተኛቷን አረጋግጬ ሁለተኛውን እሰጣታለሁ፤ ያኔ ልቧ ይቆማል። ዓይኗ ላይከደን ይችላል፤ እንዳይደነግጡ። ሲያልቅ እነግርዎታለሁ። እዚህ መሆን ይፈልጋሉ?"

ጎሚስታው በጣም ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቀ። "መሆን ይቻላል?"

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። "ይቻላል እንጂ ጋሼ። ቤትዎ ነው። እሷም የእርስዎ ናት።"

እሱም መሬት ላይ ወረደ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። መዳፉን የድመቷ ደረት ሥር ከተተ። እህቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ ማጉረምረሟን ትታለች። የመጀመሪያው መርፌ ሆነ፤ ጠበቅን። ሁለተኛው ሆነ። ሐኪሟ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ረዥም ጊዜ አዳመጠች።

"አሁን ሄደች" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ሰዓቷን አየች። "ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር።"

 ከዚያ እሱ፣ እጁን ከድመቷ ሥር ሳያወጣ፣ "ሰዓቱን ለምን ነገሩኝ?" አለ።

"አንዳንድ ሰው በኋላ ይፈልገዋል።"

ያኔ ነው የተናገረው። የጎማ ንፋስ ልኬት እንደሚያስረዳ ሰው፣ ድምፁ ሳይወርድ ሳይወጣ። "ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ መድኃኒት ግዛ ተብዬ ወጣሁ። ሰልፍ ነበረው። ይዤ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው፤ አንሶላው ተነሥቷል፤ አንዲት ሴት ወለሉን ትወለውላለች። ነርሷን ስጠይቃት 'አልተነገረዎትም እንዴ?' አለችኝ። ወረቀት ሰጠችኝ፤ ፈረምኩ። ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። አጠገቧ ማን እንደነበረ አላውቅም። መድኃኒቱ እጄ ላይ ነበር።"

እህቱ አፏን በሻሽዋ ያዘች። ይህን እሷም ሰምታ አታውቅም፤ እኔም።

ሐኪሟ ልታጽናናው አልሞከረችም። እዚያው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ "መጠየቅ ይችላሉ እኮ" አለችው። "መዝገቡ አለ። ሰዓቱም ይጻፋል፤ ሌላም ነገር ይጻፋል።"

"ከዓመት ገደማ በኋላ?"

"ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን።"

ግቢው ውስጥ አጥሩ ሥር ቆፈረ። እኔ ልርዳህ ስለው እንቢ አለ። እህቱ የሟቿን የአንገት ልብስ አምጥታ ድመቷን ጠቀለለችበት፤ እሷ አለቀሰች። እሱ አፈሩን መልሶ በአካፋው ጀርባ መታ መታ አደረገና እጁን ታጠበ። በማግስቱ ኮምፕሬሰሩ በሰዓቱ ጮኸ።

ሆስፒታሉ የሄደው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። "አብረኸኝ ትመጣለህ?" አለኝ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ አውቄያለሁ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ሹራብ የደረበች ሠራተኛ ጥያቄውን ሰምታ መታወቂያውን አየች፤ መደርደሪያዎቹ መሃል ገብታ ቆይታ አንድ ማህደር ይዛ መጣች። ገጾቹን ገለበጠች፤ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

"ስምንት ሰዓት ከአርባ ይላል።"

"ሌላስ?"

ሠራተኛዋ ተጠራጠረች፤ ፊቱን አየችና አነበበችው። "'ስምንት ሰዓት ከሃያ፦ ሕመምተኛዋ ባለቤቷ የት እንዳለ ጠየቀች። መድኃኒት ሊገዛላት እንደወጣ ተነግሯታል። እሺ ብላለች።'"

"ማን ነው የጻፈው?"

"ተረኛዋ ነርስ። አሁን እዚህ አትሠራም፤ ለቃለች።"

"እሺ ብላለች ነው ያሉኝ?"

"እሺ ብላለች ይላል አባቴ።"

አመሰገናትና ወጣን። ደረጃው ላይ ቆሞ፣ "ስምንት ከአርባ ላይ መድኃኒት ቤቱ ሰልፍ ላይ ሆኜ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ከፊቴ ሦስት ሰው ነበር" አለ። "አንደኛው መስኮቱ ላይ ካለችው ሻጭ ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። አስታውሰዋለሁ።" ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አሠረ።

ሌላ ከተማ ለምትኖረው ልጁ የደወለው በዚያው ቀን ከሱቁ ነው። ግድግዳው እንደነገርኳችሁ ነው፤ ድምፅ ማጉያውንም እንደልማዱ ስለከፈተ የሁለቱንም ሰማሁ። ሰዓቱን ነገራት፤ የተጻፈውን እንዳለ ነገራት። ልጅቷ፣ "አባዬ፣ አለቀስክ?" አለችው።

"አላለቀስኩም።"

"እኔ በዚያ ሰዓት ገበያ ነበርኩ። ጫማ እየለካሁ።" ድምፅዋ ተሰበረ። እሱ አልቅሳ እስክትጨርስ ስልኩን ይዞ ቆየላት። "አለሁ፣ አልዘጋሁም" ይላታል በየመሃሉ። "አለሁ።"

በበነጋታው ሻይ ይዤለት ገብቼ፣ "እንዴት ነው ታዲያ፣ ቀለል አለህ?" አልኩት።

አሰበበት። ለጥያቄዬ ክብር ሰጥቶ ነው ያሰበው። "ያው ነው" አለኝ። "ግን ድሮ ሳስበው ሁሌም ባዶው አልጋ ላይ ነው የምደርሰው። አሁን ከእሱ በፊት ያለውን ትንሽ አውቃለሁ። ጠየቀች፤ ነገሯት፤ እሺ አለች።"

ብርጭቆውን እያቀበልኩት ሳለሁ ደጅ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። የኋላ ጎማው ተንፍሶ ተኝቷል። ሻዩን ሁለት ጊዜ ፉት አለ፣ የመኪና ማንሻ ክሪኩን አነሣና ወጣ።