ለሾላዋ ምንጭ የተገባው ቃል

ከሀገሬ ርቄ በኖርኩባቸው ዓመታት ውኃ ያጣሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ተመስገን። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአያት ሰፈር በኩል፣ ያውም ከተማው ሁሉ እየተቆፈረ በነበረበት ዘመን የኖረ ሰው ይህን መናገር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ ገና እየተነጠፈ ነበር። ኮንዶሚኒየሙ ባየነው ቁጥር አንድ ፎቅ የጨመረ ይመስለን ነበር። ቧንቧችን ግን በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። እኔን ያኖረችኝ ከተከራየሁበት ግቢ በታች፣ ከሾላ ዛፍ ሥር የምትፈልቅ ምንጭ ናት። ጠበል አይደለችም። ታቦት ወርዶባት አያውቅም፣ ሕልም ታይቶላት አያውቅም። ዝም ብላ የምትፈስ ውኃ ናት። ልብስ አጥቤባታለሁ፣ ወጥ ሠርቼባታለሁ፣ ከጾም ስወጣ መጀመሪያ የቀመስኩት እሷን ነው።

የመጣሁት ከዓባይ ማዶ፣ ከጎጃም ነው። ሥራዬ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለ አንድ የጥናት ቢሮ፣ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት መዞር ነበር። አንድ ሰሞን ስለ ሳሙና፣ ሌላ ሰሞን ስለ ምግብ ዘይት እጠይቃለሁ። ቦሌ ለመኖር ደመወዜ ስለማይፈቅድ ከአያት አለፍ ብሎ፣ የገበሬ መንደር በነበረ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ትልቅ ሴት ነበሩ፤ እማማ ነው የምላቸው። ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል። የቀረላቸው ግቢያቸውና ቁልቁል ወደ ምንጯ የሚወስደው ቀጭን መንገድ ነው። ሲቆጡ በአማርኛ፣ ሲወዱ በኦሮምኛ ይናገራሉ። ደስ ሲላቸው "ኢንታላ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሳስከፋቸው ደግሞ "አንቺ ጎጃሜ!"

በዚያ ዓመት የከፋቸው ግን በእኔ አልነበረም። ከላይ፣ ከመንገዱ ጠርዝ፣ ገልባጭ መኪኖች የፎቅ መሠረት ሲቆፈር የወጣ አፈር እያመጡ ወደ ሸለቆው ይደፉ ጀመር። አፈሩ እየተንሸራተተ ሾላዋ ሥር ሊደርስ ትንሽ ቀረው። አንድ ክረምት ቢዘንብበት ምንጯ እንደምትቀበር ሁላችንም ይታየን ነበር። እማማ ወረዳ ሄደው "ቦታው በማን ስም ነው?" ተብለው ተመለሱ። በማንም ስም አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት በትራቸውን ይዘው መንገዱ ዳር ቆሙ፤ እኔም ከኋላቸው።

"አንተ! ከሥር ውኃ አለ፣ ሰው ይጠጣዋል!"

ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ። "እማማ፣ ገደል እኮ ነው። የማን ነው?"

"የእግዚአብሔር ነው!"

"እንግዲያው እሱ ይክሰሰኛ!" አለና ገለበጠው።

እኔ አማተብኩ። እማማ ግን አቧራውን ከፊታቸው እየጠረጉ "ይሰማሃል፣ ዋ!" አሉት።

በዚያው ሰሞን ቢሮአችን አዲስ ጥናት መጣለት። ሥልጠናውን የሰጠን አስተባባሪያችን ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪውን ገና የያዘ፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ትሑት ልጅ። ተፈጥሮ በየቀኑ ትሠራልናለች አለን። ዛፉ አፈር ይይዛል፣ ሣሩ ጎርፍ ያበርዳል፣ ምንጩ ያጠጣል። ለዚህ ሁሉ ግን ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት፣ ፕላን ሲወጣ ባዶ መሬት ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ የሚጠቀምበትን ሰው እንጠይቃለን፦ ይህ ቦታ እንዲቆይልህ ከኪስህ ስንት ታወጣ ነበር? የሰዉ መልስ ይሰላና የቦታው ዋጋ ይባላል።

መጀመሪያ ቀፈፈኝ። የፈጣሪን ሥራ በብር መገመት ድፍረት መሰለኝ። ወዲያው ደግሞ ያ ሾፌር "የማን ነው?" ያለው ጆሮዬ ላይ አቃጨለብኝ። ዋጋ ቢጻፍላት ምናልባት ይራሩላት ይሆናል ብዬ፣ ከተመረጡት ሰፈሮች የእኛ ያለበትን ለእኔ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

"ግን እንደተጻፈው አንብቢ" አለኝ። "አትጨምሪ፣ አትቀንሺ፣ አታባብዪ።"

"ዳዊት እንደሚደገም ነው የማነበው" አልኩት።

ሰው ቤቱ የሚገኘው እሑድ ነው። ስለዚህ ከቅዳሴ እንደወጣሁ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ መጠይቄን ይዤ ዞርኩ። በዚያን ጊዜ የደብራችን ሕንጻ ጣሪያው አላለቀም ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላ ተገልብጦ ይዘረጋል፣ ምእመኑ እየተነሣ "እኔ ይህን ያህል" ብሎ ቃል ይገባል፣ እልል ይባላል። ወሩ ሲብት እያንዳንዱ ቃሉን ይዞ ይመጣል። እኔም እዚያው ቆሜ እልል ስል ከርሜ፣ ከዚያው ወጥቼ በዚያው ነጠላ "ስንት ይከፍላሉ?" እያልኩ ስዞር ሰው ምን ብሎ እንደሚሰማኝ አላሰብኩትም።

መጀመሪያ የጠየቅኩት እማማን ነው። "በታች ያለው ምንጭና ዛፎቹ ተጠብቀው እንዲቆዩ ቤተሰብዎ በየወሩ ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ ነው?" ብዬ አነበብኩ።

እማማ ከተቀመጡበት ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ምሥራቅ ዞሩ።

"ሃምሳ ብር!" አሉ ጮክ ብለው። "እስክሞት ድረስ!"

ከአጥሩ ማዶ አንዲት ጎረቤት እልልታዋን አቀለጠችው።

"እማማ፣ ጥያቄ ብቻ እኮ ነው። ይቀመጡ።"

"ጥያቄ ብቻ ብሎ ነገር ምንድን ነው? ጠየቅሽኝ፣ መለስኩልሽ። ጻፊ!"

ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ወሬው ቀድሞኝ ይሄድ ጀመር። አንኳኩቼ ሳልጨርስ ሰው የሚሰጠውን ቆርጦ ይጠብቀኛል። ከወላይታ የመጣ አናጺ ጎረቤት አለን፤ የጸሎት ቤት ሰው ነው። ነጠላዬን አይቶ ሳቀብኝ።

"እህቴ፣ እኔንም ጃንጥላችሁ ውስጥ ልታስገቢኝ ነው?"

"የማንም ጃንጥላ አይደለም። የውኃው ነው።"

"ውኃውንማ እኔም እጠጣዋለሁ። ብር ግን የለኝም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ጉልበቴን ጻፊ።"

"ጉልበት የሚጻፍበት ቦታ የለውም።"

"ጠርዙ ላይ ጻፊዋ!"

ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

ወሩ ባተ። በልደታ ጠዋት እማማ የክፍሌን በር አንኳኩ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ሃምሳ ብር ዘረጉልኝ። ከኋላቸው ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ አንዳንዱ ብሩን በጡጫው ይዟል፣ አናጺው መዶሻውን ይዟል።

"ተቀበዪን።"

"እማማ፣ የእኔ ሥራ መጠየቅ እንጂ መቀበል አይደለም። ብቀበል ከሥራ ያባርሩኛል።"

"እኔስ ቃሌን አጥፌ እንዴት ልቁረብ? ውኃዋስ እስክትቀበር ልይ? እስኪ ንገሪኝ፣ አንቺ ጎጃሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ነኝ ትዪ የለም!"

ለአስተባባሪው ደወልኩለት። "እንዳትነኪው፣ መጣሁ" አለኝ።

በሚኒባስ እስከ አያት፣ ከዚያ በእግሩ አቧራውን እያቦነነ መጣ። እማማ ወንበር ሰጡት፣ የምንጯን ውኃ በጣሳ አቀረቡለት። ግጥም አድርጎ ጠጣና ማስረዳት ጀመረ።

"እማማ፣ ነገሩ በሐሳብ ደረጃ ነው። 'ቢሆን ኖሮ ስንት ይከፍሉ ነበር' ነው ያልነው እንጂ 'ይክፈሉ' አላልንም።"

"አሁን የጠጣኸው በሐሳብ ደረጃ ነው?"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ።

"እሱማ የእውነት ነው።"

"አንተስ ስንት አልክ?"

"እኔ አልተጠየቅኩም።"

"ይኸው ጠየቅኩህ።"

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ የኪስ ቦርሳውን አወጣ። "ቢሮው አይቀበልም፣ እሷም አትቀበልም" አለ። "እናንተው ሰው ምረጡና እሱ ጋ ይሰብሰብ። የእኔንም አብራችሁ ስጡልኝ።"

ያን ዕለት ሾላዋ ሥር ጃንጥላ ተዘረጋ። ገንዘቡን እንዲይዝ የተመረጠው አናጺው ነው። አንዳንዱ ስለ ሃይማኖቱ ሊያጉረመርም ሲል፣ እማማ "ከዚህ ሁሉ ወንድ አረቄ የማይጠጣው እሱ ብቻ ነው" ብለው ዘጉት።

በብሩ ድንጋይና ግንበኛ ተገኘ። ጉልበቱን ቅዳሜ ከሰዓት ሰፈሩ ቻለው። ከሾላዋ በላይ፣ አፈሩ በሚወርድበት በኩል፣ ወፍራም ካብ ጀመርን። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ድንጋይ አቀበልኩ። እማማ ቁጭ ብለው "ያኛውን ሳይሆን ይኼኛውን!" እያሉ ያዙናል። በዓመት አንዴ እናቴን አይቼ የምመለስ ሰው ነበርኩ፤ በእነዚያ ቅዳሜዎች ግን እንግዳ መሆኔን እረሳው ነበር። ምሳ ሲመጣ ማን ከየት እንደሆነ ሳይጠየቅ ከአንድ ትሪ በላን። ይህን ያደረገልኝን አምላክ ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ አንድ ገልባጭ አፈሩን ጭኖ መጥቶ ከላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ካቡንም ሰዉንም አየ።

"ባለቤት አለው እንዴ?" አለ።

"አዎ!" አልን ሁላችንም ባንድ ላይ።

ጭነቱን ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ያኔ እማማን ያናደደው ይሁን ሌላ፣ በአቧራው ምክንያት መልኩን አልለየሁትም።

ቀድሞ የተደፋው አፈር ግን እዚያው ነበር፤ የሚፈራውም እሱ ነው። ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲያወርደው ዋለ። ወደ አመሻሽ ላይ አባራ ሲል እማማ፣ አናጺውና እኔ እየተንሸራተትን ወረድን። አፈሩ ተንዶ ካቡ ጋ ደርሷል። አንዱ ጥግ ሆዱን ነፍቷል፣ ግን አልወደቀም። ምንጯ ደፍርሳ ነበር። ቆመን ጠበቅናት። ቀስ እያለች ጠራች፤ ከሥር ያለው ጠጠር ታየን። እማማ እጃቸውን ነክረው "ገለታ ዋቃዮ" አሉ፣ እኔ "ተመስገን" አልኩ፣ አናጺው "ሃሌ ሉያ" አለ።

በማግሥቱ ጀሪካኔን ደቅኜ ሳለሁ አስተባባሪው ደወለልኝ። የጥናቱን ሪፖርት እየጻፈ ነበር።

"የእናንተ ሰፈር መልስ ከስሌቱ ሊወጣ ነው፤ አትዘኚብኝ" አለኝ። "ሌላው ሰፈር 'እከፍላለሁ' አለ፣ የእናንተዎቹ ከፈሉ። አብሮ አይደመርም አሉኝ አለቆቼ።"

"ታዲያ ምንም ሳይጻፍላት ልትቀር ነው?"

"እሱንማ ታግዬ አንድ አንቀጽ አስፈቅጃለሁ። ምን ብዬ ልጻፍ? ስንት ታወጣለች ልበል?"

ቀና ብዬ አየሁ። አናጺው ሆዱን የነፋውን ጥግ በአዲስ ድንጋይ እየደገፈ ነው።

"ካቡ ይዟል ብለህ ጻፍ" አልኩት። "አንዴ ቆየኝ፣ ጀሪካኔ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።"