ካንጋሮ አዳኙን ያከበርንበት ቅዳሜ

በካንጋሮ አገር፣ ሜልተን በምትባል ከተማ ባለው የሐበሾች ማኅበራችን የክብር ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርኩ። የተመረጥኩት ችሎታ ስላለኝ አይደለም፤ ምርጫው በተደረገበት ቀን ስለቀረሁ ነው።

የዚያን ዓመት ተሸላሚ የሰፈራችን ሰው፣ አንድ ጋሼ ነበሩ። መኪና የገጫቸውን ካንጋሮዎች ፍለጋ መንገድ ለመንገድ ይዞራሉ። እናቲቱ ብትሞትም ከረጢቷ ውስጥ ያለው ግልገል በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ እሱን አውጥተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ለሚያሳድጉት ሰዎች ያደርሳሉ። ያለ ክፍያ፣ ለብዙ ዓመታት። እኛም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ስናገኛቸው፣ ጥንብ የነካ እጃቸውን ላለመጨበጥ፣ ከሩቅ ጎንበስ ብለን በታላቅ አክብሮት ሰላም እንላቸው ነበር። የከተማው ምክር ቤት የምስጋና ወረቀት ሲሰጣቸው ግን በአንድ ጊዜ ኩራታችን ሆኑ። ፈረንጅ ቀድሞ ሲያከብራቸው ዝም ብለን እናያለን እንዴ?

በስምንት ሰዓት ጠርተን፣ ቀጠሮ አክባሪዎች ስለሆንን፣ አሥር ሰዓት ላይ ጀመርን። ስለ እንስሳት ፍቅር ሦስት ሰዎች ተናገሩ። አንደኛው የጎረቤቱ ድመት አጥር ዘለለች ብሎ አቤቱታ የጻፈ ሰው ነው።

በሁለተኛው ንግግር መሃል የጋሼ ስልክ ጮኸ። አነጋግረው ወደ እኔ መጡ።

«የተገጨች ካንጋሮ አለች፤ ከረጢቷ ውስጥ የሚንቀሳቀስ አይተዋል። ሌላ ቅርብ ሰው የለም፤ ሙቀቱም አያድርስ ነው። ልሂድ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ አንቱ ከሄዱ ማንን ልናከብር ነው? ካባው እኮ ገና ነው። አሥር ደቂቃ ብቻ ይታገሱኝ።»

ይሉኝታ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ካባውን አለበስናቸው። ፎቶው ለፌስቡክ አይሆንም ስለተባለ አውልቀን እንደገና አለበስናቸው። ከኮሚቴው ጋር ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያ ኮሚቴው ለብቻው ተነሣ። ኬኩን ተጣድፈው ቆረሱ፣ ዓይናቸው ሰዓታቸው ላይ ነው። እኛ «ደስታው ነው» አልን። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

ስንለቃቸው ስልኩ ከጮኸ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ ነበር። መኪናቸውንም በእንግዶቻቸው መኪና ዘግተንባቸው ስለነበር በእኔ ወሰድኳቸው። ቦታው ስንደርስ ተንበርክከው እጃቸውን ከረጢቱ ውስጥ ሰደዱ፤ ቆዩ። ከዚያ ግልገሉን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስተኙት። ፀጉር እንኳ አላበቀለም።

«ጋሼ፣ አለ?»

«ገና ልስልስ ነው» አሉ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት «አሁን በቅርቡ ነው የሞተው» ብለው ጨረሱት።

አፈርኩ፤ እንባዬ መጣ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። እሳቸው ግን በባዶው እጃቸው ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «አይዞህ ልጄ፣ አላወቅህም» አሉኝ።

ነግረውኝ ነበር እኮ።